ዓሣ ገደለ ስለተባለው ጥላ

ለውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቁጥር፦ የለውም፤ ማኅበራችን ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ቤት ገና አልከፈተም
ጉዳዩ፦ የላኩልንን ትእዛዝ በታላቅ አክብሮት አለመቀበላችንን ስለማሳወቅ

እጅግ የተከበሩ ኃላፊያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎ? ያ የሚሽከረከር ወንበር ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡበት ያሳምማል ሲባል ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳያቋርጥ እንዲሠራልዎ፣ ስብሰባዎችዎ ሁሉ የታሸገ ውሃ የሚቀርብባቸው እንዲሆኑ፣ ወደ እኛ ሰፈር የሚያመጣውን አቧራማ መንገድም ለሳንባዎ ሲሉ እስከ ዛሬ እንዳደረጉት ሳይረግጡት እንዲኖሩ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ከዓሦቻችን መካከል የተረፉትም ደህና ናቸው፤ እንዴት እንደተረፉ ግን ወደ ታች የማስረዳው ጉዳይ ይኖረኛል።

ማን እንደሆንኩ ባስተዋውቅ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ በረሃ የውሃ ቦቴ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰፈሩ ዛሬም «ቦቴው» ይለኛል፤ መኪናዋ ሞተሯ ከተቃጠለ ሰባት ዓመት ቢሆናትም ስሟን ለእኔ አውርሳኝ ሄዳለች። ውሃ በዚህ አገር እንዴት እንደሚጠፋ የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። በጠዋት አፍ እስከ ገደፉ የሞላሁትን የከብት ገንዳ በማግስቱ ስመለስ ጎድሎ እያገኘሁት፣ ከብቱ ጠጥቶት ይሆናል እያልኩ ራሴን ስሸነግል ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከብቱ አልጠጣውም ነበር። ፀሐይ ናት የጠጣችው፤ ይህን ሳውቅ ግማሹ ዕድሜዬ አልፎ ነበር።

ጽሕፈት ቤትዎ በየሪፖርቱ «ሞዴል ፕሮጀክት» እያለ ስለሚያነሳው ሥራችን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት እንደሚሆንብኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው፣ ስለ እነሱ ብለው ትንሽ ይታገሡኝ። ዘጠኝ አባወራና እማወራ ሆነን ሦስት ኩሬ ቆፈርን፣ ጥቁር ወፍራም ላስቲክ አነጠፍንባቸው፣ ጨው ጨው ከሚለው የጉድጓድ ውሃችን ሞላናቸውና ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለቀቅንባቸው። ከውሃው በላይ፣ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ በብረት መደርደሪያ ላይ አርባ ስምንት የፀሐይ ኃይል ፓነሎች ዘረጋን። ብረቱ ከየት መጣ ለሚል፣ ከሟቿ ቦቴዬ ሻንሲ ነው፤ ሰፈሩ «መበየጃ» የሚለው ብየዳ ሠራተኛ ጎረቤቴ ሲቆራርጣት ፊቴን አዙሬ ቆሜ ነበር።

ፓነሎቹ ለውሃው ጥላ ይሆኑለታል፣ ውሃው ደግሞ ፓነሎቹን ከሥር ያቀዘቅዛቸዋል፤ ያለ ጥላ በቀን አንድ ጣት የሚጎድለው ኩሬ አሁን የጣት ሩብ ያህል ቢጎድል ነው። ከፓነሎቹ የሚገኘው ኃይል ቀን በቀጥታ፣ ሌሊት ደግሞ በባትሪ በኩል የአየር መንፊያዎቹን ያሠራል። ጥላ ያለበት ኩሬ አረንጓዴ አልጌ እንደ ልብ ስለማያበቅል ውሃው የራሱን አየር በበቂ አይሠራም፤ ዓሣው የሚተነፍሰው በመንፊያው ነው። በአጭሩ ፓነሉን ከኩሬው ቢያነሱት ውሃው ይተናል፣ መንፊያውን ቢያጠፉት ዓሣው ይታፈናል። ዓሣው ከኖረበት ውሃ ጥቂቱ በየቀኑ ወደ ቲማቲሙና ወደ ሽንኩርቱ ይለቀቃል። ዘጠኝ ቤት የሚያድረው በዚህ ነው፤ ሌላ ሥራ የለንም፣ ሌላ ሥራ የሚገኝበት ቦታም አይደለም።

ይህን ሥራ ስንጀምር ያደረጉልንን ድጋፍም አልረሳሁትም። ፈቃድ ፍለጋ የሄድን ጊዜ የግብርናው ቢሮ ፓነል የኢነርጂ ነው ብሎ ወደ እናንተ ላከን፤ እናንተ ዓሣ የግብርና ነው ብላችሁ መለሳችሁን፤ ሦስተኛ ስንመጣ ደግሞ ውሃ ላይ ስለሚቆም ፓነል መመሪያ እንደሌለና ደረቅ መሬት ላይ ብንተክለው ሁሉም ነገር እንደሚቀል በትሕትና ነገራችሁን። በዚህ መመላለስ የጫማዬ ሶል አልቋል። ሥራው ከሠመረ በኋላ ግን በሩ አጠገብ «በውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ክትትልና ድጋፍ የተሠራ» የሚል ታላቅ ሰሌዳ በማቆም ያሳዩን ፍጥነት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ያስቀመጥኩት ቁጥር የሌለው አቤቱታ በጽሕፈት ቤትዎ የውሃ ሽታ ሆኖ እንደሚቀር ከአምስት ያልተመለሱ ደብዳቤዎቻችን ስለተማርኩ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ዕለት፣ ከላይ የሚመጡ ታላላቅ እንግዶች ኩሬዎቻችንን ሊጎበኙ ነው ተብሎ ዘጠኛችንም ቤት፣ እርጉዝና አሮጊት ሳይቀር፣ ወደ አዳራሹ ተጠራን። ሥልጠናው የአቀባበል ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎ ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል የት እንደምንቆም፣ መቼ እንደምናጨበጭብ፣ እንግዳው ጥያቄ ቢጠይቀን ማንን አመስግነን እንደምንጀምር አስተማሩን። ጭብጨባ ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ አንዱ የመግቢያ ሌላው የመሸኛ መሆኑን፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ቀድማ በማጨብጨቧ ተገሥጻለች። ለዚህ ዕውቀት ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቅሬታችን፣ እኛ መዳፋችን እስኪቀላ ስናጨበጭብ ኩሬዎቹ ዘንድ የቀሩት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ መሆናቸው ነው፤ እሳቸውም ሰሌዳው የመንግሥት የሆነ መኪና ሲያዩ በር ከመክፈት በቀር ሌላ ያልተማሩ ሰው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፅዳቱ። በዚያው ሰዓት ከጽሕፈት ቤትዎ ስድስት የፅዳት ሠራተኞች ፓነሎቹን ለፎቶግራፍ እንዲያብለጨልጩ አድርገው እንዲያጥቡ ታዘው መጡ። ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው ቅን ሰው እንደሆነ አልጠራጠርም። እኛም እኮ እናጥባቸዋለን። በየማለዳው ፀሐይዋ ሳትበረታ ተራ የደረሰው ቤት ከዚያው ከኩሬው በባልዲ እየቀዳ በጨርቅ ያብሳቸዋል፤ የታጠበበት ውሃም እየተንጠባጠበ ወደ ኩሬው ይመለሳል። ለዚህ ነው ባለቤቴ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሳሙና ክልክል ነው» ብላ የጻፈችው፤ ፊደሏ አንድ አንድ ክንድ ያህላል፣ ዓይነ ደካማም ያነበዋል። ሠራተኞቹ ግን እንዳያነቡት ሆነዋል። ምክንያቱም በዋዜማው የጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች ጽሑፉ የበሩን ገጽታ ያበላሻል ብለው «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሰፊ ጨርቅ ወጥረውበት ነበር።

ሁለት ካርቶን የሎሚ ሽታ ያለው የዱቄት ሳሙና ጨርሰዋል። ካርቶኖቹን ጥለዋቸው ስለሄዱ አይቻቸዋለሁ። ፓነሎቹ መስታወት መሰሉ፤ አረፋውም እንደ ሥርዓታችን አንድ ጠብታ ሳይባክን ወደ ኩሬው ወረደ።

እኛ የመሸኛውን ጭብጨባ ተምረን ስንመለስ ትልቁ ኩሬ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ጠበቀን። አረፋ ነው ብዬ ነበር፤ ቀረብ ስል ግማሹ ሆዱን ወደ ላይ ያዞረ ዓሣ ነበር። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሦስት ዓሣ በእጃችን ለቅመን ከቲማቲሙ ማሳ ጀርባ ቀበርን። ሎሚ ሎሚ ይሉ ነበር። ያን ሽታ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዋ አልወጣላትም፤ ቤታችን ውስጥ ልብስ የሚታጠበው አሁን በደረቅ ሳሙና ነው። እንግዶቹ በነገራችን ላይ አልመጡም። መኪናቸው ዋናው መንገድ ላይ ቆም አለች፣ በመስኮት ፎቶግራፍ ተነሳ፣ ከዚያም አለፈች ይባላል። ፓነሎቹ በፎቶግራፉ ላይ አምሮባቸዋል ሲባል ሰምተናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ኮሚቴው። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም አንድ ጊዜ የናፍጣና የውሃ ቱቦ አምታትቼ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ሲሰድበኝ አንገቴን ደፍቼ ውዬ አውቃለሁ። በማግስቱ ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ «አጠፋን» ቢለን ኖሮ ሻይ አፍልተን፣ አብረን አዝነን፣ በሰላም በሸኘነው ነበር። የመጣልን ግን አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ነው። አራቱ ከመኪናው አልወረዱም፤ ሙቀት ስለነበረ አልፈረድንባቸውም። አምስተኛው ወርደው ጫማቸው እንዳይበላሽ ከኩሬው አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆሙና ውሃውን በጥሞና ተመለከቱት። ልጄ ከዚያው ከማክሰኞው ውሃ የቀዳችውን በጠርሙስ ይዛ ብትቀርባቸው፣ ናሙና መቀበል በሚቀጥለው ዙር እንጂ በዚህኛው ዙር እንዳልተካተተ በደግነት አስረድተዋታል።

የኮሚቴውን ሪፖርት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አራት ገጽ ነው፣ የፊደል ግድፈት የለበትም። ዓሦቹ የሞቱት በፓነሎቹ ጥላ ሳቢያ በደረሰባቸው የፀሐይ ብርሃን እጥረት መሆኑን ያረጋግጣል። ገጽ ሦስት ላይ ደግሞ ውሃው በምልከታው ወቅት «መልካም መዓዛ ያለው» ሆኖ መገኘቱን በአድናቆት ይጠቅሳል። መዓዛው ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ኮሚቴው ሥልጣኑ ሳይፈቅድለት ቀርቶ ይመስለኛል። ዓሦቹ በበኩላቸው ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው ጥላ ሥር ሲወለዱ፣ ሲያድጉና ሲወፍሩ ስለ ብርሃን እጥረቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አራተኛ፣ ስለ ትእዛዙ። ባለፈው ረቡዕ በፊርማዎ የደረሰን ወረቀት ፓነሎቹ በመጪው ሰኞ ተፈትተው «ለጥንቃቄ ሲባል» ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ግቢ እንዲገቡ ያዝዛል። ስለ ንብረታችን መጨነቅዎ ልቤን ነክቶኝ ሳለ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መበየጃ ከቢሮዎ ተጠርቶ ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ብየዳ ሠራተኛ በዚህ አካባቢ እንደሌለ፣ ያለውም የእኛው የማኅበር አባል እንደሆነ የጠራው ሰው አላጣራም መሰለኝ። የሰጡትን ንድፍ ገበታዬ ላይ ዘረጋው። የስምንት መኪና ማቆሚያ ነው። ጣሪያው ላይ አርባ ስምንት አራት ማዕዘኖች በእርሳስ ተስለዋል፤ መበየጃ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ኩሬው ድረስ ሄዶ ለካ፣ ወርዱም ቁመቱም ያው የእኛው ፓነል ነው። ጥግ ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ኮሚቴው ሪፖርቱን ካቀረበበት ቀን በአራት ቀን ይቀድማል። መበየጃ ሲናደድ የሚስቅ ሰው ነው፤ ያን ዕለት እናቱ መጥተው ውሃ እስኪያጠጡት ድረስ ሳቀ። ሥራ ስለበዛበት ማቆሚያዎን ሊሠራልዎ እንደማይችል እንዳደርስልዎ አደራ ብሎኛል፤ ይኸው አደረስኩ።

ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ወንበሩ እንዴት እንደሚጠብስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ስለዚህ ለመኪናዎ ጥላ መመኘትዎን አልነቅፍም። የከበደኝ፣ ለዓሣ መርዝ የሆነ ጥላ ለመኪና መድኃኒት የሚሆንበትን ሳይንስ መረዳት ብቻ ነው። ልጄን ብጠይቃት እሷም በትምህርት ቤት አላጋጠማትም።

አምስተኛ፣ ስለዚህችው ልጄ። እዚህ ላይ ትሕትናው ትንሽ ቢያመልጠኝ ይቅርታዎ አይለየኝ። የትእዛዙ ንኡስ ቁጥር አራት «የኩሬው ባለሙያ ተገቢውን ክትትል ባለማድረጓ» ከሥራው እንድትታገድና በቸልተኝነት እንድትጠየቅ ይላል። ባለሙያዋ ልጄ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የዓሣ እርባታ ተምራ፣ በትልቅ ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነጭ ካፖርት ለብሳ ትሠራ ነበር። የእኛ ሰፈር ልጆች ከፍ ሲሉ የሚያውቁት መንገድ ወደ ውጭ የሚወስደውን ነው፤ በዚያ መንገድ ተመልሳ የመጣች እኔ እስከማውቀው እሷ ብቻ ናት። የመጣችውም እዚህ ፀሐይ የማያልቅ ነገር ነው፣ ውሃውን ካልተጠነቀቅንለት ግን ያልቃል ብላ፣ ይህንኑ በአንድ ደብተር ሥላ ነው። ኩሬዎቹን የወለደ ሐሳብ የእሷ ነው። እኔ አባቷ ብሆንም በመጀመሪያ ያሾፍኩባት እኔ ነበርኩ፤ በረሃ ላይ ዓሣ ሲባል ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ያን ማክሰኞ ልጄ ከኩሬው ለምን እንደራቀች ማወቅ ለሚፈልግ፣ መልሱ በጽሕፈት ቤትዎ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ከፊርማዋ ጋር ይገኛል። አዳራሹ ውስጥ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ማጨብጨብ ስትማር ነበር። የውሃውን መለኪያ የማይበት ሰዓት ደርሷል፣ ልሂድ ብላ ሁለት ጊዜ እጇን አውጥታለች፤ ሁለት ጊዜም ሥልጠናው ሳያልቅ መውጣት እንደማይቻል ተነግሯታል። ዓሦቹን በቀበርንበት ቀን እጇን ሳትታጠብ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ስታለቅስም በግድግዳው ሰማናት። በሁለት ሳምንቱ ያንኑ ልቅሶ ቸልተኝነት ብላችሁ በወረቀት ላካችሁልን። ደሜ ፈልቷል፣ ክቡርነትዎ። ይህን በአክብሮት የሚገልጽ ቃል ስፈልግ ሁለት ቀን ቆይቼ አጥቼዋለሁ።

ስድስተኛ። ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎችዎ መጥተው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሸጉት፣ «ታሽጓል» የሚል ወረቀትም ለጠፉበት። ፓነሎቹ እስኪፈቱ ድረስ እንዳንጠቀምባቸው ነው ተባለ። መንፊያዎቹ ፀጥ አሉ። ያን ድምፅ ሦስት ዓመት ስንሰማው ስለኖርን፣ ሲቆም ዘጠኙም ቤት በሩን ከፍቶ ወጣ። ልጄ ዓሦቹ የሚተነፍሱት በዚያ እንደሆነ ለሁለቱ ሰዎች አስረዳች፤ ከእነሱ አንዱ ከልቡ አዝኖ፣ የታዘዙት እንዲያሽጉ እንጂ እንዲያስቡ እንዳልሆነ ነገራት። ከዚያ ቢሮዎ ደወለች። ሰባት ጊዜ ደውላ ሰባት ጊዜም ስብሰባ ላይ ነዎት ተባለች። ስብሰባው እንደተሳካልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጡ። አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ይህን ያየ ሰው ዓሣ ድምፅ የለውም ብሎ ሁለተኛ አይናገርም። ባልዲ ያለው ባልዲ፣ ጀሪካን ያለው ጀሪካን፣ ሌላው ድስት ይዞ በሦስቱም ኩሬ ዙሪያ ቆመን ውሃውን እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን ማፍሰስ ጀመርን፤ ውሃ ከከፍታ ሲወድቅ ትንሽ አየር ይዞ ይገባል። የመበየጃ እናት ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ በርጩማ አስመጥተው ኩሬው ዳር ተቀምጠው በማንቆርቆሪያ ያፈሱ ነበር። እጃቸው ሲዝል በግራ ይይዙታል፣ ግራው ሲዝል ወደ ቀኝ ይመልሱታል። ልጄ የአየር መለኪያውን ይዛ እየዞረች ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራልን ነበር። ሦስት። ሁለት ተኩል። ሁለት። ከአንድ በታች ከወረደ ወሬ ነጋሪ እንደማይተርፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ነጥብ አራት ካለች በኋላ መለኪያውን ለእናቷ ሰጠችና ወደ ሳጥኑ ሄደች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ከአረማመዷ ገባኝ። ሮጥኩ፤ እኔ ከሮጥኩ ስንት ዓመቴ ነው! እጇን ያዝኩት፣ ባልዲዬን አስጨበጥኳት፣ ወደ ኩሬው መለስኳት። ከዚያ ከሱሪዬ ኪስ ፒንሳዬን አውጥቼ ማኅተሙን ቆረጥኩት። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ሽቦው ሳስቶ ስለነበር አልተቸገርኩም፤ ለወደፊቱ ጠንከር ያለ እንድትገዙ ከልምዴ እመክራለሁ። መንፊያዎቹ ሲነሱ ሁላችንም ያለንበት ቁጭ አልን።

ስለዚህ ለመዝገብዎ እንዲመች በግልጽ አማርኛ ላስቀምጠው። የመንግሥትን ማኅተም የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ዐውቄ ነው፣ ነገም ቢታሸግ ነገ እቆርጠዋለሁ። ልጄ በዚያ ሰዓት ባልዲ ይዛ ነበር፤ ምስክር ካስፈለገ ዘጠኝ ቤት አለ። የምጠየቅበት ወረቀት ሲዘጋጅ በእሷ ስም በኩል እንዳያልፍ ይጠንቀቁልኝ። ዕድሜዬን ነግሬዎታለሁ፤ መንጃ ፈቃዴ ጊዜው አልፏል፣ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም፤ ከእኔ የሚነጠቅ ነገር ለማግኘት ሌላ ኮሚቴ ማቋቋም ሳያስፈልግዎት አይቀርም።

አሁን ወደ ሰኞው ልምጣ። ሥራውን እንዳይቸገሩበት ጥቂት ቴክኒካዊ መረጃ ላካፍልዎ። የፓነሎቹ ብሎኖች ያሉት ከሥር በኩል፣ ከኩሬው መሐል ነው፤ በመሰላል አይደረስባቸውም፣ ላስቲኩ ይቀደዳልና መኪና አይጠጋም። የሚፈታቸው ሰው ልብሱን አውልቆ ውሃው ውስጥ መግባት አለበት፤ ውሃው እስከ ደረት ይደርሳል። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዘጠኛችንም ቤት እዚያው ውሃው ውስጥ ቆመን እንጠብቀዋለን። ባለቤቴ ቀዝቃዛ ነው ብላ ታማርራለች፣ ግን ትገባለች። መበየጃ ይገባል። እናቱ አይቀሩም፤ ውሃው ጥልቅ ነው ብንላቸው እኔ ነኝ የማውቀው ብለውናል። በእኔ ላይ ረግጦ፣ በእሳቸው በኩል አልፎ ብሎን የሚፈታ ሠራተኛ ካለዎ ይላኩት፤ እጁን ይዘን ውሃ ውስጥ እንዳይንሸራተት እንረዳዋለን፣ ብሎኑን ግን አናስነካውም።

እርስዎ ራስዎ ቢመጡ ደግሞ እጅግ ደስ ይለናል። ከፓነሎቹ ሥር ጥሩ ጥላ አለን፣ ማንንም ሰው እስከ ዛሬ አልጎዳም። ልጄ መለኪያውን ይዛ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ታስረዳዎታለች፤ እሷ እንደ እኔ ነገረኛ አይደለችም። ከንኡስ ቁጥር አራት ላይ ስሟን የሚሰርዝ አንድ መሥመር ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ይዘው ከመጡ ከውሃው ወጥተን እንቀበልዎታለን። ይዘው ካልመጡም ያው እዚያው ነን፤ የምንሄድበት ሌላ ቦታ የለንም።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ፣ ለትእዛዝዎ ግን ቀጥ ብዬ የምቆም፣
ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ የምመኝልዎ፣

የቀድሞው የውሃ ቦቴ ሾፌር፣ የአሁኑ የዓሣ ዘበኛ፣ የአንዲት ባለሙያ አባት

ግልባጭ፦
ለገበያው መግቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለጤና ጣቢያው ተራ መጠበቂያ ግድግዳ
ለአውቶቡስ መናኸሪያው ትኬት መቁረጫ መስኮት
ለክቡርነትዎ መኪና የፊት መስታወት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ስላላገኘሁ ፀሐዩ ላይ ተለጥፏል

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ከሐሙስ በተረፉት ዓሦች መካከል አንዲት እናት ጉንጯን ሞልታ ስትዋኝ አገኘናት። የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ልጆቿ ለብቻቸው እስኪዋኙ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ምግብ አትቀምስም፣ አንዱንም አትውጥም። አንድ ትልቅ ከሥሩ ያሉትን ትንንሾች አፉ ውስጥ ከትቶ ሳይበላቸው መቆየት እንደሚችል በዓይናቸው ማየት የሚፈልጉ ኃላፊዎች ካሉ፣ ጉብኝቱ ነፃ ነው፤ ጭብጨባም አይጠየቅም።